ፊደሉን ትዘምረዋለች እንጂ አታነበውም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውሎ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሰባቱን በዚህ እትም መልሰናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ሳትስት በዜማ ትወርደዋለች። መሃል ላይ አንዱን ፊደል ነጥዬ በጣቴ ሳሳያት ግን ከመጀመሪያው ተነስታ ካልዘመረች አትደርስበትም። መምህሯ «ትደርሳለች፣ አይዞሽ» ይሉኛል። እውነት በራሷ ትደርሳለች ወይስ እኔ ላደርግላት የምችለው ነገር አለ? (እናት፣ ከደሴ ሸዋ በር)

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅዎ የያዘችው የፊደሉን ዜማ ነው፤ መልኩን ገና አልያዘችውም። በራሷ ጊዜ ትደርስበት ይሆናል። ነገር ግን ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ላይ ሒሳቡም ሳይንሱም በንባብ ነው የሚመጣው፤ ዘግይታ ከደረሰች ሁሉም አብሮ ይጎተትባታል። ስለዚህ ዛሬውኑ ይጀምሩ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

ዜማው ጥፋት የለበትም። ችግሩ ከጆሮ ወደ አፍ ሲያልፍ ዓይን ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ «ሀ ሁ ሂ»ን ሲወጣ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ወደሚለው ይሻገራል። እዚያ በእያንዳንዱ ፊደል ቤቱም (በገበታው የተሰለፈበት መስመር) ድምፁም ይለዋወጣልና የለመደው ዜማ ይሰበራል፤ ልጁ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። እርስዎም በቤትዎ የሚያደርጉት የዚሁ ዘመድ ነው።

መጀመሪያ የማታውቃቸውን ለዩ። ከአሮጌ ደብተር ሽፋን የመዳፍ ያህል ቁረጡና መሃሉን አንድ ፊደል ብቻ በሚያሳይ መጠን በምላጭ ብሱት። ይህን መስኮት ፊደል ገበታው ላይ አስቀምጠው ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሱት። ጎረቤት ፊደላቱ ስለሚሸፈኑ የምትነሳበት አታገኝም። እንዳየችው ካለችው ታውቀዋለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ከሩቅ ቆጥራ ከመጣች ግን አታውቀውም፤ እሱን በወረቀት ይያዙት። 33ቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ፊደል ነው፤ ለሦስት ምሽት ከፋፍለው ይጨርሱታል።

ዝርዝሩን ሲያዩት አብዛኞቹ ሳድሶች (የየቤቱ ስድስተኛ ፊደላት) ሆነው ቢያገኟቸው አይገረሙ። ሌሎቹ ድምፆች በአብዛኛው ደንብ አላቸው። ካዕብ ከቀኝ ጎኑ መሃል ላይ ቅጥያ ያወጣል (ቡ፣ ሉ፣ ሙ)፤ ሣልስ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርዳል (ቢ፣ ሊ፣ ሚ)፤ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል (ቤ፣ ሌ፣ ሜ)። ራብዕ ባለ ሁለት እግር ከሆነ ግራ እግሩ ያጥራል (ባ፣ ላ)፣ ባለ አንድ እግር ከሆነ እግሩን ወደ ግራ ያጥፋል (ታ፣ ቃ)። «ረ» እና «ፈ» የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ እነሱን ለብቻ ያስተምሯት። ሳድስ ግን እንደየቤቱ ነው፤ «ብ»፣ «ል»፣ «ን» እና «ት» በመልክ አይዛመዱም። ሳብዕም (ሰባተኛው) አብሮት ያስቸግራል።

ከባዱ ነገር ደግሞ አማርኛ ያለ ሳድስ አንድ መስመር የማይሄድ መሆኑ ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ፤ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። «ብርድ»፣ «ልጅ»፣ «ድንች»፣ «ጥርስ»፣ «ክፍል» እንዲሁ። በገበታው ላይ ስድስተኛ ተራ የተቀመጠው፣ ልጆች በዜማው ፍጥነት እየዋጡ የሚያልፉት ድምፅ በመጽሐፍ ውስጥ ከሁሉም ይበዛል። ሳድስ አንዳንዴ በትንሽ ድምፅ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፤ ይህም ልጅን ያደናግራል። «ብርድ»ን ፊደል በፊደል እየጎተተች ስታነብ «ብእ፣ ርእ፣ ድእ» ብላ የማታውቀው ቃል ሊሆንባት ይችላል። ያኔ አያርሟት፤ «አሁን ቶሎ በይው፤ ጠዋት ጠዋት የሚያንቀጠቅጠን ምንድን ነው?» ይበሏት። የምታውቀውን ቃል አፏ ራሱ ያገኘዋል።

ለልምምዱ ካርቶን በክብሪት ቀፎ ልክ ቆርጠው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ይጻፉ። በሳምንት ሦስት ቤት፣ ማለትም 21 ካርድ ይበቃል። በአንዴ ሁሉንም መዘርጋት የተለመደ ስህተት ነው፤ ልጅቷ ትሰለቻለች፣ እርስዎም ይናደዳሉ። መሬት ላይ በትነው «ሙ የታለች? አምጪልኝ» እያሉ ያስፈልጓት። ቀጥሎ እርስዎ አንስተው እሷ ትበል፤ ይህኛው ይከብዳል፤ ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሁለት ካርድ እያጋጠሙ ቃል ይሥሩ፦ ልጅ፣ ቤት፣ ውሃ። የሚመሳሰሉትን በአንድ ሳምንት አያምጡባት። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ተ» እና «ቸ» የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለችው ሰረዝ ብቻ ነውና አንደኛው በደንብ ሳይገባ ሁለተኛው ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ልጅዎ ከሰዓት መድረሳ የምትሄድ ከሆነ አሊፉን ከቀኝ ወደ ግራ መማሯ ይህንን አይጎዳባትም። ደብተሯ ላይ ግን ለጥቂት ሳምንታት በየመስመሩ በግራ ጫፍ ትንሽ ነጥብ ያድርጉላት፤ ከየት እንደምትጀምር ታያለች። በመስኮቱ ወረቀትም ዓይኗን እያጠበበች የምታይ፣ መጽሐፉን አፍንጫዋ ድረስ የምታስጠጋ ከሆነ ፊደሉን ከመውቀስዎ በፊት ዓይኗን ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። 52 ሲቀነስ 27 ስንት ነው ስለው 35 ይለኛል። «ከአስር ቤት ተበደር» ብዬ አስተምሬዋለሁ፤ ይበደራል፣ መልሱ ግን ያው ነው። እኔ የምሠራው በፈረቃ ስለሆነ የማስረዳበት ጊዜ አጭር ነው። (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ልጅዎ የራሱን ደንብ እየተከተለ ነው። ከ2 ላይ 7 ስለማይቀነስለት አዙሮ ከ7 ላይ 2 ይቀንሳል፤ 5 ያገኛል። ከ5 ላይ 2 ሲቀነስ 3። 35 የመጣው ከዚያ ነው። መምህሩ መልሱን በኤክስ ብቻ ካለፈው ይህ ደንብ እስከ አምስተኛ ክፍል ሊዘልቅ ይችላል።

«ተበደር» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። በእኛ አገር የተበደረ ይመልሳል፤ ልጁ መቼ እንደሚመልስ ግራ ይገባዋል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ሲያበቃ ይመልሰዋል። «ዘርዝር» ይበሉት። ሱቅ ተልኮ አስር ብር ሲያዘረዝር የሚያውቀው ነገር ነው፤ ገንዘቡ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ መልኩ ብቻ ይለወጣል።

52 ቀጫጭን እንጨት ይሰብስቡ፤ የክብሪት እንጨትም ይሆናል። አስር አስሩን በክር ይሰሩ። አምስት እስርና ሁለት ልቅ እንጨት ፊቱ ያስቀምጡ። «27 ስጠኝ» ይበሉት። ሰባት ልቅ እንጨት ሲፈልግ ሁለት ብቻ አለው፤ እዚህ ላይ ዝም ይበሉ፣ እጁ ራሱ ወደ እስሩ ይሄዳል። አንዱን እስር ይፍታ። አሁን አራት እስርና 12 ልቅ አለው። ሰባት ይሰጥዎታል፣ አምስት ይቀረዋል። ሁለት እስር ይሰጥዎታል፣ ሁለት ይቀረዋል። 25። ደብተሩ ላይ 5ቱን ሰርዞ 4 መጻፉ፣ ከ2 ጎን 1 መጨመሩ ክሩን የመፍታት ምልክት እንደሆነ የሚገባው እንጨቱና እርሳሱ እኩል ሲሄዱ ነው። በአንድ እጁ ክር ይፍታ፣ በሌላው ይጻፍ። እንጨቱን ዛሬ አሳይተው ደብተሩን ነገ ካመጡ ሁለቱ አይገናኙለትም።

ሳምንት በዚህ ከቆየ በኋላ መሃሉ ዜሮ የሆነውን ይስጡት፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚያ ነው። 403 ሲቀነስ 158። በአሮጌው ደንብ 355 ይላል። ይህንን በብር ያሳዩት፤ አራት መቶ ብርና ሦስት አንድ ብር በወረቀት ቆርጠው ይሥሩ። ስምንት አንድ ብር ሲጠየቅ አስር ብር የለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን መቶ በአስር አስር ብር ይዘረዝራል፣ ከዚያ አንዱን አስር በአንድ አንድ ብር። እጁ ላይ ሦስት መቶ፣ ዘጠኝ አስርና 13 አንድ ይሆናል። መልሱ 245። ሁልጊዜ መልሱን ከቀነሰው ጋር መልሶ ይደምር፤ 245 እና 158 አንድ ላይ 403 ካልመጣ ስህተቱን እርስዎ ሳይነግሩት ራሱ ያገኘዋል። እርስዎ በማታ ፈረቃ ላይ ሲሆኑም ይህን ብቻውን ማድረግ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሰሌዳችን በክረምቱ እንደገና ተቀባ። አሁን ቾኩ እየተንሸራተተ አይይዝም፤ በመስኮት በኩል የተቀመጡት ልጆች ደግሞ ያብለጨልጭብናል ይላሉ። (መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተቀባው የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ነው፤ ቾክ የሚይዘው ሸካራ ገጽ ላይ ነው። እንደገና ከመቀባትዎ በፊት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ክብ ክብ እያሉ ብልጭልጩ እስኪጠፋ ቀስ ብለው ይሹት፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ አንድ ሙሉ ቾክ በጎኑ አጋድመው ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ነጭ አድርገው ያልብሱትና ያለ ውሃ ያጥፉት። አዲስ የተቀባ ሰሌዳ ይህ ካልተደረገለት መጀመሪያ የተጻፈበት ጽሑፍ ተጣብቆ ይቀራል። ለነጸብራቁ የሰሌዳውን የላይኛውን ጫፍ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ያዘንብሉት። የኋላው ዴስክ 8 ሜትር ያህል የሚርቅ ከሆነ ፊደሉ ከ4 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ጥያቄ፦ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ 68 ተማሪ አለኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ደብተር ላርም ብል ማስተማሪያ አይተርፈኝም። በቡድን ሳሠራ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ያያሉ። (መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መምህራችን፣ 68 ደብተር በአንድ ቀን ማረም አይቻልም፤ የሚቻል አስመስለው ራስዎን አያድክሙ። በቀን 14 ይውሰዱ፤ በአምስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ተራው የማን እንደሆነ ለተማሪ አይንገሩ። በ14ቱ ላይ ደግሞ ምልክት ብቻ አድርገው አይለፉ፤ ሦስትና አራት ልጅ ላይ የተደጋገመውን ስህተት መዝግበው የነገውን ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ 5 ደቂቃ ለእሱ ይስጡት። የ14 ልጅ ስህተት ከሞላ ጎደል የ68ቱን ይነግርዎታል።

«ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ይተዉት። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ!» ነው፤ በኅብረት የሚጮኸው ድምፅ ውስጥ ያልገባው ልጅ ተደብቆ ያልፋል። በምትኩ አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ሀ አንድ ጣት፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት፣ መ አራት። «ዓይን ጨፍኑ፣ እጅ ደረት ላይ፣ አሳዩ» ይበሉ። ዓይናቸው ካልተጨፈነ ከጎበዙ ይገለብጣሉ፤ እጅ ወደ ላይ ከወጣም እንዲሁ። ከፊት ሆነው 68 እጅ በ10 ሰከንድ ያነባሉ።

ለቡድኑ፣ አምስት ሰው በአንድ ደብተር ላይ መቀመጥ ራሱ አራቱን ተመልካች ያደርጋል። በዴስክ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ መጀመሪያ ለየብቻ 3 ደቂቃ ይሥሩ፣ ከዚያ ይተያዩ፤ ልዩነት ካላቸው ብቻ ወደ አምስቱ ያምጡት። መልሱን የሚናገረውን መሪው ሳይሆን እርስዎ ይምረጡ፤ ማንም ሊጠራ እንደሚችል ሲያውቁ ጎበዙ ልጅ ለሌላው ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። በቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ካሉዎት ከሁለቱ አንዱ ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ልጅ ቢሆን መልካም ነው፤ መጀመሪያ በሚቀናቸው ይወያዩ፣ መልሱን በአማርኛ ያምጡ።

ጥያቄ፦ አምስተኛ ክፍል ስለ አየር ንብረት እናስተምራለን፤ መሣሪያ ግን የለንም። ያለ ወጪ ልጆቹ በእጃቸው የሚለኩት ነገር ይኖራል? (የሳይንስ መምህራን፣ ከደሴ)

መልስ፦ አለ፤ ዝናብ ለኩ። ለዚህ ሥራ ደግሞ የወሎን ያህል የሚመች የለም። የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ግን ተማሪው ክፍል ውስጥ እያለ ነው የሚመጣው። መሣሪያችሁን ከጥር መጨረሻ በፊት አዘጋጁ።

ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጉ፤ ጎኑ ቀጥ ያለና ለስላሳ ይሁን፣ የተቆራረጠ ወገብ ያለው ልኬቱን ያዛባል። አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ቆርጣችሁ ቁራጩን ያለ ክዳን ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ክተቱበት፤ የውስጡ ውሃ በፀሐይ እንዳይተን የሚጠብቀውም እሱ ነው። የጠርሙሱ ታች ጎርበጥ ያለ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩና ጎኑ ቀጥ ማለት እስከሚጀምርበት ውሃ ሙሉት፤ ዜሮው እዚያ ነው። ማስመሪያ በፕላስተር ከጎኑ ለጥፉ፤ በእስክሪብቶ የተሠመረ በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል። ነፋስ እንዳይጥለው በአራት ድንጋይ መሃል ይቀመጥ፣ ከግድግዳና ከዛፍም ቁመታቸውን ሁለት ጊዜ ያህል ይራቅ። ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ልጆቹ እንዳይነኩት ተብሎ ከጣሪያ ሥር ይቀመጥና የጣሪያውን ጠብታ ይለካል። በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት አስቀድሞ፣ ሁለት ተረኛ ልጆች ዓይናቸውን ከውሃው ልክ አድርገው ያንብቡ፤ ይመዝግቡ፤ ወደ ዜሮው ይመልሱት። ዝናብ ያልጣለበትም ቀን «0» ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ ቦታ ከተተወ በኋላ ረስተውት ይሁን አልዘነበም ይሁን አይታወቅም።

ኮምቦልቻ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ብትስማሙ ደግሞ ትምህርቱ ይጣፍጣል። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትራራቃላችሁ፤ በከፍታ ግን ደሴ ወደ 2,500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ በ650 ሜትር ልዩነት 4 ዲግሪ ገደማ ይጠበቃል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ቴርሞሜትሩን ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገው በአንድ ሰዓት ያንብቡና ቁጥሩን በስልክ ይለዋወጡ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ከሐረጎ በታች ሲወርዱ ጃኬት የሚወልቅበትን ምክንያት ልጆቹ በራሳቸው ቁጥር ያዩታል።

ልኬቱ ለሌላም ይጠቅማል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 8 በ7 ሜትር የሆነ የክፍል ጣሪያ 56 ካሬ ነውና 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 560 ሊትር ይወርድበታል። አንድ አምስተኛው ባክኖ ይቅር ብንል እንኳ 448 ሊትር፣ ከሁለት በርሜል በላይ ነው። የመጀመሪያው ውሃ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባልና ይፍሰስ። የተረፈው ለመጠጥ ባይሆንም ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል፤ ይህም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደናል።

ጥያቄ፦ ቅሬያችን (ዕድራችን) ለሰፈሩ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። አንዳንዱ ደብተር ይግዛ ይላል፣ ሌላው የእጅ መታጠቢያ ይሠራ ይላል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። (የቅሬ ጸሐፊ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። መታጠቢያው ከምታስቡት ይረክሳል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ልትችሉ ትችላላችሁ።

በእግር የሚረገጠውን ሥሩ። ሁለት ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ጫፋቸው ባላ የሆነ ሁለት እንጨት ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ በ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። ባላዎቹ ላይ አግዳሚ አሳርፉ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በደንብ አጥባችሁ ከክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጋለ ቀጭን ምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱት፤ ጀሪካኑን በእጀታው አግዳሚው ላይ አንጠልጥሉ። ከአንገቱ ላይ ገመድ አስራችሁ መሬት ላይ ካለ መርገጫ እንጨት ጋር አገናኙት። ልጁ ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃ ይወርዳል፣ እጁ ምንም አይነካም። ከታች ጠጠር አፍስሱ፤ ካልሆነ በሁለት ቀን ጭቃ ይሆንና ልጆች ይሸሹታል። ሳሙናውን በአሮጌ ካልሲ ከታችሁ በገመድ አንጠልጥሉት።

ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ ካቆመ ቀዳዳውን አታስፉ። ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቶ አየር አልገባበት ይሆናል፤ ትንሽ አላሉት። ቀዳዳው ሲሰፋ አምስቱ ሊትር ለ10 ልጅ እንኳ አይበቃም። በልኩ ከሆነ ግን አንድ ልጅ 125 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃዋልና አንዱ ጀሪካን ለ40 ልጅ ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ 30 ሰከንድ ቢወስድ በ20 ደቂቃ ዕረፍትም የሚስተናገደው ያው 40 ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ሥሩ፤ 60 ተማሪ ላለው ክፍል ሁለት፣ በተለይም ከመጸዳጃ ቤት በሚመለሱበት መንገድ ላይ። ማን ውሃ እንደሚሞላ ካልተወሰነ በጥቅምት ተሠርቶ በኅዳር ደርቆ ይገኛል። በየክፍሉ ተረኛ ይመደብ፤ ከወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ይይ።

ደብተሩን በተመለከተ ከርእሰ መምህሩ ጋር በነሐሴ መጨረሻ፣ ምዝገባ ላይ ተነጋገሩ። ለማን እንደሚሰጥ የክፍል ኃላፊ መምህራን ያውቃሉ፤ ለእነሱ ተዉት። አደራ የምንላችሁ፣ ልጆቹን በሰልፍ ፊት ስም እየጠሩ አስቁሞ መስጠትና ፎቶ ማንሳት ይቅር። ደብተሩ ይረሳል፤ በጓደኛ ፊት የቆመበት ግን አይረሳም። በምዝገባ ቀን ከመጽሐፉ ጋር ተደርቦ ቢሰጥ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት አንድ፣ ለሙከራም አንድ ደብተር ቁጠሩ፤ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ ይሁን።

ከሁለቱም የሚተርፍ ካላችሁ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ሴት ልጆች ሞዴስ ግዙ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንዲት መምህርት ቁልፉን የምትይዘው ቁም ሳጥን፣ አንድ ትርፍ ቀሚስ፣ ሳሙናና ውሃ ቢኖር በወር ሦስትና አራት ቀን የምትቀር ልጅ ሳትቀር ትውላለች። በቅሬ ስብሰባ ላይ ይህን ማንሳት የሚከብዳችሁ ከሆነ እናቶቹ ያንሱት።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። መምህሩ «በየቀኑ አስነብቡት» ብለዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምን ላድርግ? (አያት፣ ከደሴ ገራዶ)

መልስ፦ አባታችን፣ ጆሮዎ ይበቃል። ከጎንዎ ይቀመጥ፤ የሚያነበውን ቃል በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። ጣቱ ቆሞ አፉ ከቀጠለ በቃሉ የያዘውን እየነገረዎት ነው፤ «ጣትህ የት ደረሰ?» ይበሉት።

የአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና አልመጣም» ያለውና በታኅሣሥ መጨረሻ የምናከብረው ገና በጽሑፍ አንድ ናቸው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ወንዝ ውስጥ የሚዋኙት ዋናና የቤቱ ዋና በር የተባለውም እንዲሁ። ልጁ ፊደሉን ሁሉ በትክክል አውቆ ቃሉን ሊስተው ይችላል፤ ይህን የሚይዘው ቋንቋውን የኖረበት ሰው ጆሮ ነው። ንግግሩ ሰው የሚናገረው ካልመሰለዎት «እስኪ ከመስመሩ መጀመሪያ ድገመው» ይበሉት፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ መናገር የለብዎትም።

ገጹ ሲያልቅ መጽሐፉን ይክደንና «ማነው የመጣው? ምን አደረገ? ለምን?» ብለው ይጠይቁት። መመለስ ካልቻለ ፊደል ጠርቷል እንጂ አላነበበም፤ ያንኑ ገጽ ነገ ይድገም እንጂ ወደሚቀጥለው አይለፍ። ሲሰለች «እንቆቅልሽ» ይበሉትና «ምን አውቅልሽ» ይበልዎት፤ ሁለት ሦስት ከተጫወታችሁ በኋላ አንዱን እንቆቅልሽ ደብተሩ ላይ ጽፎ መልሶ ያንብብልዎት። ሦስት ጊዜ ደግሞ የተሰናከለበት መስመር ካለ ከዳሩ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉበት፤ ጠዋት መጽሐፉን ሲከፍት መምህሩ ነጥቡን ያያሉ።